ቦሎኛ ሆኜ የአስካለን ክኒን ስጠብቅ

ከመካነ ሰላም በወጣሁበት ሌሊት እህቴ አስካለ ክኒኗን ከወትሮው ቀድማ ዋጠች። የደሴው አውቶቡስ ጎህ ሳይቀድ ይነሣል፤ ስለዚህ እኔ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ፣ እሷ ነጠላዋን ተከናንባ ፊቴ ቆማ፣ በስልኬ መብራት አየኋት። ውሃ ተጎነጨች፣ ዋጠች፣ አፏን ከፍታ አሳየችኝ፤ ምላሷንም አነሣች። እንዲህ እንድታደርግ ያስለመደቻት የጤና ጣቢያው የቲቢ ክፍል ነርስ ሲስተር ዘይነባ ናት። አምሳ ዓመት ያለፋት ሴት እንደ ሕፃን አፏን ስትከፍት ሌላ ቀን ሁለታችንም እንስቅ ነበር። ያን ሌሊት አልሳቅንም።

«ከነገ ጀምሮ ማን ያየኛል?» አለችኝ።

«ጌታሁን አለ።»

«ጌታሁን! እሱን ራሱን ማን ባየው።»

ባሏ ጌታሁን ይህን ከጓዳ ሰምቶ እየሳቀ ወጣ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና የበሩን መቃን ይዞ ቆመ። ሲለቀው ሻንጣዬን አነሣና፣ «እትዬ፣ እዚያ አገር አውቶቡስ ውስጥ የሳለ ሰው ይቀጣል አሉ። ደግ አደረጉ እኔን ይዘው ባለመሄድዎ» አለ።

«አንተም ተመርመር» አልኩት።

«የእህል አቧራ ነው፣ እትዬ። የእህል ነጋዴ ሁሉ ይስላል።»

አገር ቤት ያላችሁ «እህቷ ታማ እንዴት ትታት ሄደች?» ትሉ ይሆናል። ቪዛ ቀን አለው፤ ቀኑ ካለፈ ነገሩ ሁሉ ከመጀመሪያው ይጀመራል። አንድ ልጄ ዳዊት እኔን ወደ ጣሊያን ለመውሰድ ዓመታት ደክሟል። እኔም ከወረዳው ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ጡረታ ወጥቼ ብቻዬን እኖር ነበር። አዲስ አበባ ጣሊያን ኤምባሲ ወረቀቴን የተቀበለችኝ ወጣት የጠየቀችኝን አልረሳውም።

«ልጆች አሉዎት?»

«አንድ። እሱም እናንተ ዘንድ ነው ያለው።»

«አገር ውስጥ የሚጦርዎት ሌላ ሰው አለ?»

«እህት አለችኝ። እሷን ግን አሁን የምጦራት እኔ ነኝ።»

«እህት አይቆጠርም» አለችኝና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።

የአስካለ ሕመም የጀመረው በሳል ነው። ፌጦ በማር ሞከርን፤ ጠበል ተጠመቀች። ክሳቷ ሲብስ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። አክታዋ ተመርምሮ የሳንባ ነቀርሳ ተባለ። ሲስተር ዘይነባ፣ «ቲቢ የያዘውን ሰው ሁሉ ደሙንም እናያለን፤ አሠራሩ ነው» ብላ ደሟን ወሰደች። እዚያም ኤች አይ ቪ ተገኘ።

ሲስተር ዘይነባ በሩን ዘግታ ሁለታችንንም አስቀመጠችን። «አብሽሪ» አለቻት። «ሁለቱም መድኃኒት አላቸው። የሳንባው ስድስት ወር ነው፤ ይኼኛው የዕድሜ ልክ ነው። ሳታቋርጪ ከዋጥሽ ትኖሪያለሽ። ካቋረጥሽ ግን ሁለቱ ይረዳዳሉ፤ አንዱ በር ይከፍታል፣ ሌላው ይገባል።»

አስካለ የጤና ጣቢያውን አጥር እንዳለፍን፣ «ለጌታሁን የሳንባውን ብቻ ንገሪው» አለችኝ። ቃል ገባሁላት። ልጅ አልወለዱም፤ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ይህን ከሰማ ጥሎኝ ይሄዳል ብላ ነው። ማታ የሚዋጠውን የኤች አይ ቪ ክኒን በጥቁር አዝሙድ ብልቃጥ ውስጥ ደበቀችው። የጠዋቱን የሳንባውን ግን በግልጽ ጤና ጣቢያ ትውጣለች፤ እኔም በየጠዋቱ አብሬያት እየሄድኩ አያታለሁ። ሁለተኛው ወር ሲያልቅ አክታዋ ንጹሕ ሆነ። ጉንጯ ተመለሰ፤ ጎረቤት «ምን አገኘሽ?» ይላት ጀመር። ከዚያ በኋላ ያለውን መድኃኒት እየወሰደች፣ እኔ እያየኋት ቤቷ እንድትውጥ ተፈቀደላት። እኔም ቪዛዬ የመጣው በዚሁ ሰሞን ነው።

ቦሎኛ የገባሁት በኅዳር ነው። የኛ ደጋ ብርድ ፀሐይ ስትወጣ ያፍራል። የቦሎኛ ብርድ ግን ያልደረቀ ልብስ እንደ መልበስ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከገላ አይለቅም። ጭጋጉ ከመስኮቱ ወዲያ ያለውን ሁሉ ይውጣል። ዳዊት ዕቃ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ «ማጋዚኖ» ይሉታል። ሲሄድም ሲመለስም ጨለማ ነው። «ፒያዲና» የሚሉት እንጀራቸው ቂጣችንን ይመስላል፤ የአሳማ ሥጋ ሳይሸጉጡበት ቀድማችሁ ከተናገራችሁ መልካም ነው። ደረጃ ላይ የሚያልፍ ሰው «ቦንጆርኖ» ይላችኋል፤ መልሳችሁን ግን አይጠብቅም። እኛ ቤቱን፣ ልጁን፣ ከብቱን፣ ዝናሙን ሳንጠይቅ ሰላምታ ሰጠን አንልም። የመጀመሪያ ሰሞን ቆሜ «አማን ነው?» ለማለት ስዘጋጅ ሰዎቹ ሁለተኛው ፎቅ ይደርሱ ነበር።

የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጠው የፖሊስ ቢሮ «ኩዌስቱራ» ይባላል። ተራ ይዘን ተቀምጠን ሳለ ፖሊሱ «ሲኞራ ይመር!» ብሎ ተጣራ። ከመቀመጫዬ አልተነሣሁም። ይመር ሟቹ አባቴ ነው። ዳዊት ጎሸመኝ።

«አባቴን ለምን ይጠራዋል?»

«እማዬ፣ እዚህ አገር ይመር አንቺ ነሽ። ተነሺ።»

ፖሊሱ ጣቶቼን መስተዋት ላይ አስጫነኝ። መሣሪያው አልቀበል አለ። አስታጠበኝ፣ አስደረቀኝ፣ ጫነልኝ፤ አሁንም እምቢ። «ምን ሆነው ነው ጣቶችዎ?» አለ። ዕድሜዬን ሙሉ የጽሕፈት መኪና ስመታባቸው ኖሬያለሁ አልኩት። ዳዊት ተረጎመለት። ከዚያ ፓስፖርቴን ገልጦ፣ «እርስዎም ጄናዮ አንድ ነው የተወለዱት። ቅድም የመጣውም ሰውዬ ጄናዮ አንድ ነው። እናንተ አገር ሰው ሁሉ የሚወለደው በአዲስ ዓመት ሌሊት ነው?» አለ። «ጄናዮ» የፈረንጆቹ ጥር ነው፤ የተወለደበትን ቀን የማያውቅ ሁሉ ፓስፖርቱ ላይ የሚጻፍለት እሱ ነው።

ዳዊት፣ «የኛ አዲስ ዓመት በመስከረም ነው» ሲለው ብዕሩን አስቀምጦ ትንሽ አሰበና፣ «አታስረዱኝ» አለ።

ከኩዌስቱራው በኋላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ የሳንባ ነቀርሳ ካለበት ሰው ጋር ኖሬ አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እውነቱን ነገርኳት። ክንዴን ወጋችኝ፣ ደረቴን በራጅ አየችው። በሽታው የለብኝም፤ ጀርሙ ግን ተኝቶ ውስጤ አለ። እንዳይነሣ ለሦስት ወር የሚዋጥ መድኃኒት በሣጥን ሰጠችኝና «ቻው» አለችኝ። ስውጥ ማን እንደሚያየኝ አልጠየቀችም። ሽንቴ ቢቀላ እንዳልደነግጥ ግን አስጠነቀቀችኝ። አልደነገጥኩም፤ አስካለም መድኃኒቱን እንደጀመረች እንደዚያ ሆኖባት በድንጋጤ ጤና ጣቢያ ሮጠን ነበር።

የደነገጠችው አከራያችን ሲኞራ ፍራንካ ናት። ከዚያ በፊት ከኔ ጋር የነበራት ጠብ የበርበሬ ብቻ ነበር፤ ወጥ በሠራሁ ቁጥር በሩን እየደበደበች «ቤቱ ተቃጠለ?» ትለን ነበር። አንድ ቀን ቧንቧ ልታሳይ ገብታ የመድኃኒቱን ሣጥን ጠረጴዛ ላይ አየችው።

«ቱበርኮሎዚ! ቤቴ ውስጥ!»

«አልታመመችም፣ ሲኞራ» አላት ዳዊት። «እንዳትታመም ነው የምትውጠው።»

«ካልታመመች ለምን ትውጣለች?»

ሳምንቱን ሙሉ ደረጃውን በበረኪና አጠበችው። እሷም «ቫሬኪና» ትለዋለች፤ ቃሉን ከነሱ እንደወሰድነው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ከሷ ጋር በአንድ ቃል የተግባባነው በዚያ ብቻ ነው።

ለአስካለ በየጠዋቱ እደውላለሁ። ስልኳ ምስል የማያሳይ ዓይነት ነው፤ አፏን ማየት አልችልም። ብርጭቆው ሲነሣ፣ ውሃው በጉሮሮዋ ሲወርድ እሰማለሁ።

«ዋጥሽ?»

«ዋጥኩ፣ እትዬ።»

አንዳንድ ሰሞን መንገድ ይዘጋል፣ ኔትወርክም ይጠፋል። ያን ጊዜ ያለሁበት ቦታ እንኳ አይታወቀኝም። ሲመለስ መጀመሪያ የምጠይቃት ያንኑ ነው። ጥር ላይ ሳሏ እንደተመለሰ ሰማሁ። «ብርድ ነው» አለችኝ። ለጤና ጣቢያው ንገሪ አልኳት። «እነግራለሁ» አለች።

አንድ ቀን ጌታሁን ራሱ ደወለልኝ። ደውሎልኝ አያውቅም ነበር። ስለ ዳዊት ጠየቀኝ፣ ስለ ብርዱ ጠየቀኝ።

«ኸይር ነው፣ ጌታሁን?»

«እንደው ነውር ነው ለእርስዎ መናገሩ። ግን እዚያ ሐኪም ካገኙ ይጠይቁልኝ። ሽንቴ ቀላ።»

«እንዴት ያለ መቅላት?»

«እንደ ቀይ ሥር ውሃ። ኩላሊት ነው ብለው የባህል ሐኪም ዘንድ ሊወስዱኝ ነው።»

«ሁልጊዜ ነው?»

«የለም። ለገበያ ወጥቼ ውጭ ካደርኩ ይጠራል። ቤቴ ስመለስ ይቀላል። የቤቴ ውሃ ይሆን እንዴ፣ እትዬ?»

«እጠይቅልሃለሁ፤ የባህል ሐኪም ዘንድ ግን አትሂድ» አልኩትና ስልኩን ዘጋሁት። የእኔም ሽንት ያን ጠዋት ያው መልክ ነበረው። ሐኪም መጠየቅ አላስፈለገኝም። ወዲያው ለአስካለ ደወልኩ።

«ለጌታሁን ክኒን ትሰጪዋለሽ?»

«ፈጭቼ ወጡ ውስጥ አደርግለታለሁ» አለች። «ቀይ ወጥ ውስጥ አይታይም።»

«ከየት አምጥተሽ?»

«ከየት አመጣለሁ? ከራሴ ነዋ። ግማሽ ለሱ፣ ግማሽ ለኔ። ያንን የማታውን አልነካሁበትም፤ ምን እንደሚያደርገው አላውቅም።»

«አስካለ፣ የመድኃኒት ግማሽ ግማሽ አያድንም። ሁለታችሁንም ይጨርሳችኋል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ተመርመር ብዬ ለመንኩት፤ አቧራ ነው ይለኛል። እኔ እየዳንኩ፣ እሱ ጎኔ ተኝቶ ሲያልቅ ልየው? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል አልሰማሽም?»

«ይኼ እኮ ምግብ አይደለም።»

«በኔ ቤት የምንካፈለው ያለው ክኒኑ ነው» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጤና ጣቢያ ከሄደ ደሙን ያያሉ። ከኔ የያዘውን ያገኙበታል። የክኒኑን ንገሪው ካልሽ ንገሪው፤ የደሜን ነገር ግን እንዳትነግሪው፤ በአባታችን አፅም» አለችኝ።

በማግስቱ ለጌታሁን ደውዬ የክኒኑን ብቻ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። ሳቀ።

«ለካ ለዚህ ነው የመረረኝ! እኔ በርበሬው የተበላሸባት መስሎኝ፣ ቅር እንዳይላት ብዬ ሳህኑን ጠርጌ እበላላት ነበር።»

«አሁንማ አወቅክ። ሂድና ተመርመር። የራስህን መድኃኒት ይሰጡሃል።»

«ደሜን ያዩታል።»

«ቢያዩትስ?»

«ውጤቱን አውቀዋለሁ፣ እትዬ።»

ከላላ ከተማ ለገበያ ሲሄድ ተመርምሮ ኤች አይ ቪ ተገኝቶበት፣ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ መድኃኒቱን ከዚያው ይወስድ ነበር። እዚያ የሚያውቀው ሰው የለም። መንገዱ ሲዘጋ መድኃኒቱ አለቀበት። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ፣ ይቆጡኛል ብሎ ፈርቶ ሳይመለስ ቀረ። ሳሉ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

«እህትዎ ይህን ካወቀች ትታኝ ትሄዳለች» አለኝ። «የክኒኑን አውቄያለሁ ልበላት። ይህን ግን አይንገሩብኝ። አደራ።»

ከዚህ እስከ መካነ ሰላም ስንት አገርና ባሕር እንዳለ ዳዊት በካርታ አሳይቶኛል። ሁለቱ በአንድ አልጋ ነው የሚተኙት። አንዱ ከአንዱ የሚደብቀውን አንድ ነገር ይዤ የተቀመጥኩት ግን እኔ ነበርኩ።

ለሲስተር ዘይነባ ደወልኩ። ስሰማት እንደኖርኩት ሳይሆን ቀስ ብላ ተናገረች።

«እማማ፣ ያስካለ አክታ አምስተኛው ወር ላይ እንደገና ጀርም ታይቶበታል። ዛሬ ጠርቻት ልነግራት ነበር። ባሏን ብታመጣልኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን የአንዱን ለአንዱ መንገር ለኛ ክልክል ነው።»

«ታዲያ ማን ይንገራቸው?»

«እርስዎማ ነርስ አይደሉም» አለችኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለአስካለ ደውዬ፣ «ጌታሁን አለ? ስልኩን ሁለታችሁም እንድትሰሙኝ አድርጊው» አልኳት። የሚቀመጡበት ዱካ ሲጎተት ሰማሁ። ጌታሁን ሳለ።

«ሁለታችሁም አትንገሪ ያላችሁኝ አንድ ነገር ነው» አልኩ። «ሁለታችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ ሌላ የምለው የለኝም።»

ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኬን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት። አልተቋረጠም።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች አስካለ። እኔን አልነበረም።

«ካንቺ በፊት ሳይሆን አይቀርም።»

«እንግዲያ እኔ ከማን ደበቅኩ?»

«እኔስ?»

ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ማን እንደዘጋው ጠይቄ አላውቅም። ሰኞ ጠዋት አብረው ጤና ጣቢያ እንደሄዱና እሷ ክንዱን ይዛው እንደገባች ሲስተር ዘይነባ ነገረችኝ።

ጌታሁን የራሱን መድኃኒት አገኘ፤ ከሙሉ ድርሻው ጋር። ሰውነቱ ግን ከልክ በላይ ደክሞ ነበር። ጉበቱ መድኃኒቱን አልቻለውም፤ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ ትተውለት እንደገና ሲጀምሩለት ሳንባው አልጠበቀውም። ፋሲካ ሳይደርስ ሞተ። እኔ ፈቃዴ ገና ስላልወጣ ኩዌስቱራ ሄጄ ለመሄድ ጠየቅኩ።

«መውጣት ይችላሉ፣ ሲኞራ ይመር» አለኝ ያው ፖሊስ። «መመለሱ ነው ችግሩ። እህትዎ ናት የሞተችው?»

«ባሏ ነው።»

«አህ» አለና የሚቀጥለውን ቁጥር ጠራ።

ቦሎኛ ያለን ያገራችን ሰዎች ጥቂት ነን፤ ሥራ ያልያዛቸው መጥተው ተቀመጡልኝ። ሲኞራ ፍራንካም ከዳዊት ሰምታ መጣች። አፏንና አፍንጫዋን ሸፍና፣ የጎማ ጓንት አጥልቃ፣ የሾርባ ድስት በሩ ላይ ባለው ወንበር አስቀመጠችና ራቅ ብላ ቆመች። «ማንጂ» አለችኝ፤ ብዪ ማለቷ ነው። ዳዊት አስቀድሞ ነግሯት ኖሮ የአሳማ ሥጋ አልነበረበትም። በላሁት።

አስካለ ሕክምናዋን ከመጀመሪያው እንድትጀምር ተደርጋለች። ጀርሙ መድኃኒቱን ለምዶ እንደሆነ ለማወቅ አክታዋ ደሴ ተልኳል። ለምዶ ከሆነ መድኃኒቱም ሌላ ነው፣ ጊዜውም ይረዝማል፤ ምናልባት ከቤቷ ርቃ መተኛት ይኖርባታል። መንገዱ ስለተዘጋ መልሱ እስከ አሁን አልመጣም። ሲስተር ዘይነባን ተስፋ አላት ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «ሁለቱን አንድ ላይ ይዘው የዳኑልኝ አሉ። ከመጀመሪያው ሳያቋርጡ የዋጡት ናቸው» አለችኝ። ከዚያ በላይ አልጠየቅኳትም።

ክረምቱ እንደገባ አስካለ ነግራኛለች። ማታ በሩን ቶሎ ትዘጋለች። የጥቁር አዝሙዱን ብልቃጥ ባዶ አድርጋ፣ የማታውንም የጠዋቱንም ክኒን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ታስቀምጣለች። እኔ እዚህ በረንዳ ላይ ቆሜ የነሱ በጋ ሙቀት ሲያፍነኝ፣ እዚያ በጭቃው ውስጥ ከቤቷ ጤና ጣቢያ ድረስ ያለውን ዳገት ሳስብ እውላለሁ። በእግሯ ነው የምትወጣው፤ እያረፈች።

ዛሬም ጠዋት ደወልኩላት።

«እንዴት አደርሽ?»

«ይመስገን። ዝናም ነው። አንቺስ?»

«ደኅና ነኝ። ዋጥሽ?»

«ዋጥኩ።»

«ሁሉንም?»

ብርጭቆውን ስታስቀምጥ ሰማሁ።

«ለማን አስቀርቼ፣ እትዬ?» አለች።

ከዚያ ሳል ያዛት። እስኪለቃት ስልኩን ይዤ ቆየሁ።